ሣሩና ምጣዱ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አክስት ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ፣ ጓሳ አጠገብ ካለ ቀበሌ የመጣች ገበሬ ናት። ልጅ የወንድሟ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በመብራት መስመር ሥርጭት ላይ የሚሠራ መሐንዲስ። የአየር ንብረት ሲለወጥ ሕዝብ አኗኗሩን በምን መንገድ ሊለውጥ ይችላል በሚለው ላይ ይነጋገራሉ።

ልጅ፦ እንደኔ እንደኔ፣ አክስቴ፣ ለውጡ ተጀምሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ ያለውን ውሳኔ ገና በቀጠሮ ነው ያቆዩት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሕዳሴ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። የምናመነጨው መብራት በሙሉ ለማለት ይቻላል ከውሃና ከነፋስ ነው። ጭስ የለውም።

አክስት፦ እሰይ። ለግድቡ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ጠቦት ሸጬ ነው የገዛሁት። ሲመረቅ እልል ያልኩት ከልቤ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግድቡ አለቀ፤ እኔ ቤት የሚነደው ምንድን ነው?

ልጅ፦ ኩበት።

አክስት፦ አዎ፣ ኩበት። ኩበት ሲያልቅ የአስታ ቁጥቋጦ፣ አስታው ሲርቅ ጭራሮ። ክረምት ላይ ኩበቱ ይረጥብና ቤቱ በጢስ ይታፈናል፤ ልጆቹ እየተጨናበሱ ነው የሚበሉት። እኔን ከጢሱ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን እርሻው ነው። ያ ኩበት መሬት ላይ ቢወድቅ ገብስ ይሆን ነበር። መሬቱ የሚበላውን ነው እኛ እሳት ውስጥ የምንጨምረው። በዚያ ላይ በልጉ ከድቶናል። የካቲት ላይ አንድ ሁለት ዝናብ ይጥልና ዘር ታወጣለህ፤ ከዚያ ደመናው ብን ብሎ ይጠፋል። ዘሩ መሬት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። መኸሩን ስትጠብቅ ደግሞ ገብሱ ሊያሽት ሲል ውርጭ ይመታዋል።

ልጅ፦ ቁጥሩም የሚለው አንቺ የምትይውን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱ በዓመት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ በካይ ጋዝ እንደምትለቅ አስልቶ ነበር። ከዚያ ከመቶ 85 የሚበልጠው የሚመጣው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን መመንጠር ነው። ለደኑ ጥፋት ደግሞ ማገዶ ትልቅ ድርሻ አለው። ትራንስፖርት በጠቅላላው ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበር።

አክስት፦ ታዲያ ከመቶ 3 ለምን ጀመራችሁ?

ልጅ፦ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። መብራቱ ግን የራሳችን ነው፣ ውሃችን ነው። ስሌቱ የአገር ስሌት ነው።

አክስት፦ ይሁን፤ አልተቃወምኩም። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ያለው ይመስለኛል። መኪና በአንድ በር ነው የሚገባው። ጉምሩክ ላይ አንድ ሰው ቆሞ “አይገባም” ካለ አለቀ። እኔ ምድጃ ላይ ያለውን እሳት የትኛው ደብዳቤ ያጠፋዋል? የሚታዘዘውን አዘዛችሁ፤ ሰው ተቀምጦ ተማክሮ መስማማት ያለበት ቀረ።

ልጅ፦ አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዳያልፍ፤ ምድርን ያሞቀው የአንቺ ኩበት አይደለም። ከዓለም ጭስ ውስጥ የእኛ አገር ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አይፒሲሲ የሚባለው የዓለም ሳይንቲስቶች ጉባኤ መስከረም 2011 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የምድር ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ በኢነርጂ፣ በመሬት አያያዝ፣ በከተማ፣ በፋብሪካ፣ በሁሉም ዘርፍ ፈጣንና ከዚህ በፊት ያልታየ ለውጥ ያስፈልጋል ብሏል። ያ ዕዳ ከሁሉ በፊት ያለው ለሁለት መቶ ዓመት ከሰልና ነዳጅ ባነደዱት ላይ ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ሻርም ኤል ሼኽ ላይ አገሮች ለደረሰው ጉዳት የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል፤ የሚገባው ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር የሚተያይ አይደለም።

አክስት፦ የሚከሰሰው ይከሰስ። ካሳውንም አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ የደሀ ገንዘብ ነው፣ እንዳትተዉት። በልጉ ግን ፍርዱ እስኪሰጥ አይጠብቀኝም። ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰውም እርሻውን እያረሰ ነው የሚመላለሰው።

ልጅ፦ እሺ፣ በትእዛዝ ካልሆነ በምን ይሁን? ሃያ ሚሊዮን የሚበልጥ አባወራ እንዴት ብሎ ነው የሚስማማው?

አክስት፦ ስለ ሃያ ሚሊዮን እኔ አላውቅም። ስለ ጓሳ ግን አውቃለሁ። አንተም ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሳለህ ክረምት ክረምት ስትመጣ ገሳ ለብሰህ በግ ጠብቀህበታል። ያ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው እንዴት ይመስልሃል? ዙሪያውን ተመልከት፤ ተራራው ሁሉ ተግጦ፣ ታርሶ፣ አጥንቱ ወጥቶ ሳለ ጓሳ ላይ ሣሩ የሰው ጉልበት ይደርሳል። ጭላዳው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። ከሥሩ የሚፈልቀው ውሃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳል። ግድብህ ውስጥ የተኛው ውሃ ከዚያ ሣር ሥር የወጣም አለበት።

ልጅ፦ የቄሮ ሥርዓት። ምሁራን ብዙ ጽፈውበታል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳ ለአራት መቶ ዓመት ያህል በራሱ በሕዝቡ ደንብ የተጠበቀበት ነው።

አክስት፦ እኛ የሰማነው ከአባቶቻችን ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቆቹ ሣሩን ይዘጉታል፤ ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት፣ ተዘግቶ ይከርማል። በተዘጋበት ጊዜ ከብት ያስገባ፣ አስታ የቆረጠ ይቀጣል። ጥበቃው ተራ አለው፤ ተራው ደርሶት የቀረም እንዲሁ ይቀጣል። ሣሩ ደርሷል ሲባል ይከፈትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ክዳኑን ያጭዳል፣ ገመዱን ይገምዳል፣ ከብቱን ያግጣል። ድርቅ የመጣ ዓመት ደግሞ ጓሳ መጠጊያ ነው። አየህ፣ ሰው ዛሬ እየራበው ነገን የሚጠብቀው ነገ ሲከፈት የእሱም ድርሻ እንዳለ ሲያውቅ ነው።

ልጅ፦ ይህን ስትናገሪ በጣም ውብ ይሆናል፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ድርሻው የማን ነበር? የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ለሚል ብቻ አልነበረም? በአጽመ ርስት የሚቆጠር መብት ነው። ዘር የማይቆጥርለት ሰው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ከሌላ አገር የመጣው ከሣሩ ውጭ ነበር።

አክስት፦ እውነት ነው። የእናቴ እናት መብት ካልነበራቸው ቤቶች አንዷ ነበረች። ክዳን የምታገኘው በልመና ወይም ጉልበት ሰጥታ ነው፤ ቤቷ ሲያፈስ ያደረባትን ሌሊት እናቴ እያለቀሰች ነበር የምትነግረን። ስለዚህ “የድሮው ይመለስ” የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ከእሱ ጋር አልቆምም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቤታችን ደስታ ሆኗል። መሬት ለሁሉም ሲባል ጓሳም ለሁሉም ሆነ።

ልጅ፦ ከዚያስ?

አክስት፦ ከዚያማ ሁሉም ገባ። አለቃ የለ፣ የሚዘጋ የለ፣ ተራ ጠባቂ የለ። የገበሬ ማኅበሩ ሌላ ብዙ ሥራ ነበረበት። ዛሬ ካልቆረጥኩ ነገ ሌላው ይቆርጠዋል ሆነ ነገሩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እንዲያ ነው የሆነው፤ አስታው ከነሥሩ ተነቀለ፣ ሣሩ አጠረ። መብቱ ለሁሉም መሰጠቱ ጽድቅ ነው። ደንቡ አብሮ መፍረሱ ግን ጥፋት ነው። ሁለቱን ነገር ለይቶ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ልጅ፦ አሁን ግን እንደገና ተጠብቋል። የየቀበሌው ሰው የመረጠው ኮሚቴ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ክልሉም በሕግ አውቆታል። ጎብኚም ይመጣል።

አክስት፦ አለ፤ አሁን ደግሞ ዘር ሳይቆጠር ነው። ለዚህ ነው የምልህ፤ ሕዝብ የሚለወጠው የድሮውን በማፍረስ ብቻ ወይም ድሮውን በመመለስ ብቻ አይደለም። ደንቡን ይዞ፣ ውጭ የቀረውን ሰው አስገብቶ ነው። ያን ለማድረግ ግን ስንት ዓመት ባከነ? የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው የባከነው።

ልጅ፦ የናንተ ቀበሌስ? ጓሳን ተይውና ከቤትሽ በላይ ያለው ተረተር ሲዘጋ ነበርሽ። እኔ የማውቀው ሪፖርቱን ነው፤ “ከንክኪ ነፃ ሆነ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ” ይላል።

አክስት፦ ሪፖርቱ ላይ ያልተጻፈውን ልንገርህ። የመጀመሪያው ጊዜ የተዘጋው በትእዛዝ ነው። የልማት ሠራተኛው መጣ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ እጅ ወጣ፣ ተዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ከብት ይገባበት ጀመር። ችግኙ ተተከለ፤ ፎቶ ተነሣ፤ ፍየል በላው። የማንም አልነበረማ።

ልጅ፦ ሁለተኛውስ?

አክስት፦ ሁለተኛው ጊዜ የጀመረው ጎርፍ የአንድ ሰው ማሳ ይዞ ከሄደ በኋላ ነው። ቦረቦሩ እየሰፋ ቤት ሊገባ ሆነ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀምጠን አንድ ሽማግሌ የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ “ይህ ሲዘጋ የሚጎዳው ማን ነው? በስሙ ጥሩልኝ” አሉ። ጸጥ ተባለ። ከዚያ አንዱ ተናገረ፤ ማሳ የሌላቸው፣ ሁለትና ሦስት በግ ብቻ ያላቸው ባልቴቶች አሉ፤ የእነሱ በጎች የሚውሉት ያ ተረተር ላይ ነው። ሁለት ሥራ ፈት ወጣቶች አሉ፤ እንጨት ሸጠው ነው የሚበሉት። እነሱም ተጠሩ። አየህ፣ ስማቸው ተጠራ። ባልቴቶቹ ሣሩ ሲታጨድ የመጀመሪያውን ድርሻ እንዲወስዱ፣ ወጣቶቹ ቀፎ እንዲሰቅሉበትና ጥበቃውን በክፍያ እንዲይዙ ተወሰነ። ተጻፈ፣ ተፈረመ። ልቅ ግጦሽ ቀረ፤ አጭዶ መመገብ ሆነ።

ልጅ፦ እና ሠራ?

አክስት፦ ሣሩስ ወጣ። ከሥር ያለው ምንጭ እስከ ሚያዝያ ውሃ አለው፤ ድሮ ጥር ላይ ነበር የሚደርቀው። ነገር ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ያልተጠራ ስም ነበር። ከብት ሜዳ ሲውል ራሱ ሄዶ ነው የሚበላው። አጭዶ መመገብ ሲባል ሣሩን ማን ነው የሚሸከመው? ሴቷ ናት። ውሃው ሸክም፣ ኩበቱ ሸክም፣ አሁን ደግሞ ሣሩ ሸክም። ልጃገረዶቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ማርፈድ ጀመሩ። ስብሰባው ላይ ሴት ሦስት ብቻ ነበርን፤ ማናችንም አልተናገርንም። ኋላ ነው ነገሩ የታወቀው፤ ደንቡ እንደገና ተከፍቶ፣ የሣር ሸክም የወንዶች ሥራ ነው ተብሎ ተጻፈ። ተጻፈ እንጂ ሁሉም ቤት ይፈጸማል አልልህም። በአንዳንዱ ቤት ይፈጸማል።

ልጅ፦ ይህ ነገር ሌላም ቦታ ታይቷል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ በሚባል ወረዳ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ተከለለ። እዚያ በአብዛኛው ችግኝ አልተተከለም፤ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶው ከመሬት በታች በሕይወት ስለነበር ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ ገርዘው ነው ያሳደጉት። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብታቸው በሕግ ተረጋገጠላቸው። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ዛፉ ከአየር የሚይዘውን ካርቦን ገዛቸው። መጀመሪያ ሰዎቹ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብለው ፈርተው ነበር። ፍርሃቱን ያነሣው ስብከት ሳይሆን ያ መብት ነው።

አክስት፦ የኔ ነው ያለውን ማን ይቆርጣል?

ልጅ፦ ኒጀርም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የዛፍ ሕጉ ዛፍን የመንግሥት ያደርገው ነበር፤ ገበሬው ማሳው ላይ ቡቃያ ሲያይ እንደ አረም ይነቅለዋል፤ ቢያድግ የእሱ አይደለም፣ ቢቆርጠው ይቀጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ማራዲ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ጉቶውን ማሳደግ ጀመረ፤ የደን ጠባቂዎቹም ገበሬውን መቅጣት እየተዉ መጡ። ገበሬው ዛፉ የኔ ነው ብሎ ማመን ሲጀምር በማራዲና በዚንደር ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን እርሻ ዛፍ ለበሰ። ያን የሚያህል መሬት በዘመቻ ልትከይው ብትነሺ ገንዘቡ ከየትም አይመጣም።

አክስት፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ከመኪና የጀመርከው?

ልጅ፦ እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ደንብና ስብሰባ የገበሬ ነው፣ የከተማው ጉዳይ የቴክኒክ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አንቺ ስትናገሪ ግን የራሴ ሥራ ላይ ያለ አንድ ችግር መጣብኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ሰዓት ላይ ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው። ሕዳሴ ተርባይኑ ሁሉ ቢዞር 5,150 ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ምጣድ ብቻ ወሰደው። ያውም አንድ ሚሊዮን ቤት ብቻ ቆጥሬ። አሁን የሕዝቡ ግማሽ ገደማ መብራት የለውም፤ ለሁሉም ገብቶ ሁሉም ምጣድ ቢገዛ የትኛውም ግድብ አይችለውም።

አክስት፦ ሁሉም ባንድ ሰዓት ለምን ይጋግራል?

ልጅ፦ ጥያቄው እሱ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ማታ ሰው ከሥራ ሲገባ ምጣዱን ይሰካል፣ አሁን ደግሞ መኪናውንም ይሰካል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ይውጠዋል። ከዚያ የሚጠየቀው ትልቅ ትራንስፎርመር ነው፣ ተጨማሪ ግድብ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግን ያው መስመር ባዶ ነው።

አክስት፦ ጓሳ እንግዲህ ይሄ ነዋ። ሁሉም በፈለገበት ሰዓት ሲገባበት ያልቃል፤ በተራ ሲገባ ይበቃል። እኛ ወፍጮ ቤት ተራ እንይዛለን፣ ለመስኖ ውሃ ተራ እንይዛለን። ውሃ አባት መርጠን፣ ያንተ ማሳ ዛሬ፣ የሷ ማሳ ነገ እንባባላለን። ለመብራት ይህ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? እንጀራ እኮ በየቀኑ አይጋገርም፤ በሦስት ቀን አንዴ ነው።

ልጅ፦ በዋጋም ይደረጋል፤ ሌሊት ርካሽ፣ ማታ ውድ ማድረግ ይቻላል። ብዙ አገሮች እንዲያ ያደርጋሉ።

አክስት፦ ዋጋ ብቻውን ለሀብታም ምንም አይደለም፤ ከፍሎ በፈለገው ሰዓት ይጋግራል። ድሃዋ ናት ሌሊት የምትነሣው። ከዚያ ጓሳ እንደገና የዘር ሆነ ማለት ነው፤ ያው የእናቴ እናት ከበሩ ውጭ ቆመች። ዋጋ ይኑር፣ ግን ደንቡን የሚጠቀሙበት ሰዎች ይቁረጡት።

ልጅ፦ ስም የመጥራቱ ነገርስ? እዚህ እኛ ያንን አላደረግንም። እታች ያለው ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ፓምፕ ሲያስተካክል የኖረ ሰው አለ፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ሁለት ልጅ አስተምሯል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፓምፕ የለም፣ ኖዝል የለም፣ ዘይት አይቀየርም። እሱን ጠርቶ “አንተስ ምን ትሆናለህ?” ያለው የለም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣም የሚኒባሱ ታሪፍ ጨመረ፤ ከመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ሴት በእግሯ መሄድ ጀመረች። ውሳኔው ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ግን ዋጋ እየከፈለ መሆኑ እንኳ አልታወቀለትም።

አክስት፦ ያ ሰው ነገ ጠላት ይሆንብሃል። በሌሊት ከብት ያሰማራ የነበረው ሰው ክፉ መስሎህ ነው? ማንም አልጠራውም፤ ስለዚህ ራሱን በሌሊት አስገባ። ፓምፕ የሚያስተካክለውን ሰው ለሦስት ወር ቁጭ አድርጋችሁ ባትሪና ሞተር ብታስተምሩት ምን ትጎዳላችሁ? ጣቱ እኮ ብረት ያውቃል። ደግሞ ከሱ ይልቅ ስለ መኪናው የሚያውቅ አለ?

ልጅ፦ ወጪው ከክልከላው ጋር አብሮ መታሰብ ነበረበት። ከነዳጅ ከሚተርፈው ዶላር ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብ ይበቃ ነበር።

አክስት፦ አሁን ወደ እኛ ተመለስ። መስመሩ መቼ ነው የሚደርሰን? ምሰሶው በቀበሌያችን ጫፍ አልፎ ሲሄድ እናየዋለን።

ልጅ፦ የአንድ ቀበሌን ነገር በወረቀት ላይ እንሞክረው። 100 ኬቪኤ የሚባል ትራንስፎርመር አለ፤ ለገጠር መንደር የተለመደው ዓይነት ነው። ምጣድ ብቻ ቢሰካበት ሃያ ስምንት ያህል ነው ባንድ ጊዜ የሚችለው፤ አምፖሉን፣ ስልኩን፣ ወፍጮውን ካሰብሽ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት በዪው። መንደራችሁ ስንት ቤት ነው?

አክስት፦ ሁለት መቶ ገደማ።

ልጅ፦ መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲሰማ “ምጣድ አይቻልም፣ ለመብራት ብቻ” ነው የሚለው። ብዙ ቦታ የሆነው ይኸው ነው፤ መብራቱ ገባ፣ አምፖሉ በራ፣ ምድጃው ግን እንደነበረ ቀረ። በሦስት ቀን አንዴ ከተጋገረ ግን በቀን ስልሳ ሰባት ቤት ነው። በሦስት ፈረቃ ብትከፍዪው ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ልክክ ይላል። ያው ትራንስፎርመር፣ ያው ሽቦ፤ የሚጨምረው ተራ ብቻ ነው።

አክስት፦ ተራ ብቻ አይደለም። ተራውን የሚያፈርስ ይኖራል። ድግስ ያለበት ቤት ይኖራል፤ ለቅሶ ቤት ይኖራል፤ ለቅሶ ቤት ተራ አይጠየቅም፣ ዕድሩ የሱን ድርሻ ይያዝለት። ምጣዱን መግዛት የማትችል አለች። እዚህ ገበያ የምጣዱን ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ ለሷ የሚቀመስ አይደለም። ያቺ ሴት ምጣድ ሳይኖራት ተራ ቢሰጣት ምን ትሠራበታለች?

ልጅ፦ አንድ ምጣድ ለሦስት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ በተለያየ ቀን ነው የሚጋግሩት። ለእሱም ብድር ይገኛል፤ ካልሆነም ከካርቦኑ ገንዘብ። እንጨትና ኩበት መቃጠሉ ሲቀር የሚቆጠር ነገር አለው፤ ሁምቦ ላይ ለዛፉ እንደተከፈለ ለምድጃውም የሚከፈልበት መንገድ አለ።

አክስት፦ ገንዘቡ ይምጣ፤ ግን ለኮሚቴ አበል እንዳይሆን። በመጀመሪያ ለማን ምጣድ እንደሚሰጥ እኛ እንወስን። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ኩበት ከሩቅ የሚሸከሙት ይቅደሙ፣ አራስ ያለችበት ቤት ይቅደም፣ ዓይኗን ጢስ የጎዳት ትቅደም። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሚስት ትቆይ። ከምድጃ የዳነው ኩበት ደግሞ እርሻ ላይ መውደቁን የሚያይ ሰው ይኑር፤ አለበለዚያ ሸጠው ይጨርሱታል።

ልጅ፦ አክስቴ፣ ይህን ለመሥሪያ ቤቴ ጽፌ ባቀርበው “ይህ የኛ ሥራ አይደለም፣ እኛ ሽቦ ነው የምንዘረጋው” ይሉኛል።

አክስት፦ ግብርናውም “እኛ ችግኝ ነው የምንተክለው” ይላል። ትምህርት ቤቱም የልጅቷን ማርፈድ ነው የሚጽፈው። ሁሉም የየራሱን ጽፎ ይሄዳል፤ ልጅቷ ግን አንድ ናት፤ ውሃውም፣ ኩበቱም፣ ሣሩም በአንድ ጀርባ ላይ ነው ያለው። ጽፈህ አቅርብ። እምቢ ካሉህ ሥዕሉን ይዘህ ራስህ ና፤ ትራንስፎርመሩ ስንት ምጣድ እንደሚችል፣ ቢበዛበት ምን እንደሚሆን ለሰው ፊት ለፊት ንገር። ሕዝብ መጠኑን ካወቀ ማካፈል ያውቅበታል። የሚደበቅበት ጊዜ ነው የሚሻማው።

ልጅ፦ የወረዳውን ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ። የልማት ሠራተኛዋም ትኑር። ስንት ሰዓት ይበቃል?

አክስት፦ በአንድ ቀን አያልቅም፤ የተረተሩ ስንት ቀን ነው የፈጀው! ደግሞ የገበያ ቀን አታድርጉት፤ ሴቶቹ አይኖሩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ቤት የሚቀረውን ሕፃን የሚይዝ ሰው አስቀድመን እንመድባለን፤ በመጀመሪያ የሚናገሩትም ሴቶቹ እንዲሆኑ ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።